«የፈለግኸውን» ስንት ዶላር ነው?

ባለቤቴ ቅዳሜና እሁድ ሆስፒታል ነው የምታመሸው። ከቀኑ 9 ሰዓት ገብታ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ትወጣለች። በሐበሻ ሰዓት ነው የምናገረው። እኔ ደግሞ ኡበር እነዳለሁ። ለኡበር ነጂ ቅዳሜ ማታ የሳምንቱ እንጀራ ናት። እሷን ቤት ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው፣ የወሩ መጨረሻ ሲመጣ ኪራዩን ከየት እንደሚሞላ ጨንቆት ነው የሚያድረው።

ልጆቻችን ሁለት ናቸው። ትልቁ ስድስት ዓመቱ፣ ትንሿ ሦስት። ሜሪላንድ ውስጥ ከስምንት ዓመት በታች ያለን ልጅ፣ ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው አስተማማኝ ሰው አብሮት ሳይኖር ቤት ትቶ መውጣት በሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ «ትልቁ ትንሿን ይያዛት፣ እኔ ደርሼ መጣሁ» ብሎ ነገር የለም። ሰው መጥራት ነው።

የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ ሐበሻ ሞልቷል። ፌንተን ስትሪት ወርዶ እንጀራ የሚገዛ ሰው፣ የሚያውቀውን ሰው ሰላም ሳይል ወደ ቤቱ አይመለስም። ልጅ የሚይዝልን ሰው አጥተን አናውቅም። የምናጣው ዋጋ ነው።

«ስንት ልክፈል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አንድ ነው። «የፈለግኸውን።» አንዳንዱ ጨምሮበት «ኧረ ተው፣ በእኛ መሃል?» ይላል።

አዲስ አበባ እያለሁ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ብዙ ዓይነት ደረሰኝ በእጄ አልፏል። «የፈለግኸውን» የሚል ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አስፍሬ አላውቅም። እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ከፋዩ «በዛ ይሆን?» ይላል። ተቀባዩ «ይኼ ብቻ?» ይላል በሆዱ። ሁለቱም ፈገግ ብለው ይለያያሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትደውል «ውይ፣ ዛሬ እንኳ ትንሽ አሞኛል» ነው።

መጀመሪያ የጠራናት ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብላ የምትኖር የሐበሻ ልጅ ናት። 16 ዓመቷ ነው። ሃይስኩል ናት። ልጆቼ ይወዷታል፣ በተለይ ትንሿ። እናቷን ሊፍት ውስጥ አገኘኋትና ነገሩን አነሳሁት። ልጅቷም አጠገቧ ቆማለች፣ ኤርፖዷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ።

«በየሳምንቱ ቅዳሜ አይደለም» አልኩ። «አንዳንዴ ብቻ ነው። እከፍላታለሁ።»

«ወንድሜ፣ እንዳታስቀይመኝ» አለች እናትየው። «እህታቸው አይደለችም እንዴ? ምን ገንዘብ ያስፈልጋል?»

«ገንዘብ» የምትለዋ ቃል ስትነሳ ልጅቷ አንዱን ኤርፖድ ቀስ ብላ አወጣች። እናቷ አላየቻትም። እኔን ግን በደንብ አየችኝ። «ማሚ የምትለውን እንዳትሰማ» የሚል አስተያየት ነበር።

እናትየው ሌላ ሐሳብ አመጣች። እዚህ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ተማሪ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት መስጠት አለበት። «እሱን ፈርምላት፣ በቃ» አለችኝ። አይሆንም እኮ! አገልግሎቱ ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ነው እንጂ የኡበር ነጂ ልጆች ለመያዝ አይደለም። ይኼን ስነግራት ቅር አላት። ልጅቷ ግን ሳቀች። ሊፍቱ ደረሰ፣ ወረድኩ። ዋጋው እዚያው ሊፍቱ ውስጥ ቀረ።

እኔም ልቆርጠው ቁጭ አልኩ። መቼስ ሙያ አይረሳም፣ ወረቀት አወጣሁ።

ሕጉን ነው መጀመሪያ ያየሁት። አገሪቱ በሙሉ የምትመራበት ዝቅተኛ ደመወዝ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ አልተነካም። ሜሪላንድ ከ2024 መግቢያ ጀምሮ 15 ዶላር ናት። የእኛ ካውንቲ፣ ሞንጎመሪ፣ ከዚያም ከፍ ይላል። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለትልልቅ ቀጣሪዎች 17 ከ65፣ ለትንንሾቹ 15 ከ50 ሆኗል። መንገዱን ተሻግሮ ዲሲ የገባ ሰው ያን ጊዜ 17 ከ95 ያገኝ ነበር። ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ የሄደው ደግሞ በዚያው ዓመት 12 ከ41 ነበር። እኔ በአንድ ማታ ሦስቱንም ስለምረግጥ ይገርመኛል። አንድ ሥራ፣ አንድ ዝናብ፣ ሦስት ዋጋ።

ግን ለቤቢሲተር፣ ለልጅ ያዥ ማለት ነው፣ ይኼ ሁሉ ላይሠራም ይችላል። የቤት ሠራተኞች በፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ ውስጥ የገቡት በ1974 ነው። ያን ጊዜም አልፎ አልፎ ልጅ የሚይዝ ሰው ተለይቶ ውጭ ቀረ። ሥራው መደበኛ ካልሆነ፣ ኑሮዋም በእሱ ካልሆነ፣ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ደመወዝ አይመለከታትም። ማለትም አንዳንድ ቅዳሜ የምትመጣ የ16 ዓመት ልጅ ላይ ሕጉ ዝም ይላል። አንድ ወዳጄ ይኼን ስነግረው «እንዲያማ ከሆነ 8 ዶላር ብትሰጣት ማን ይጠይቅሃል?» አለኝ። ማንም አይጠይቀኝም። እሷም አትጠይቀኝም። ችግሩ እሱ ነው።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር ግን እዚያው ደንብ ውስጥ አገኘሁ። ቤቢሲተሯ በዚያ ምሽት ከሠራችበት ሰዓት ከመቶ 20 በላይ የሚሆነውን በቤት ሥራ ካሳለፈች፣ ነገሩ «አልፎ አልፎ ልጅ መያዝ» መሆኑ ይቀራል። ዝቅተኛው ደመወዝ ይመጣል። ለአምስት ሰዓት ምሽት አንድ ሰዓት ማለት ነው። ይኼን ያወጣው ሰው የሐበሻ ቤት ገብቶ ያየ ነው የሚመስለው። ምክንያቱም እኛ ጋ ልጅ ለመያዝ የመጣች ሰው መጨረሻዋ ወጥ ቤት ነው። «ልጆቹ ከተኙ በኋላ እቺን ድስት ብቻ» ትባላለች። ከድስቷ ሥር ሳህኑ አለ። ከሳህኑ በኋላ ምድጃው። ምድጃው ካለቀ መሬቱ ምን በደለ?

ባለቤቴን እዚህ ላይ አልወቅሳትም። ስምንት ሰዓት ቆማ ሠርታ የመጣች ሰው ቆሻሻ ሳህን ስታይ ምን እንደሚሰማት እኔም አውቃለሁ። ግን ስምምነታችን ይኼ ሆነ። ልጆቹ የበሉበትን ሳህን ታጥባለች፣ የበተኑትን መጫወቻ ትሰበስባለች፣ በቃ። የእኛ የምሳ ድስት የእኛ ነው። እኔ ነኝ የማጥበው፣ ከመውጣቴ በፊት። ድስት ማጠብ አልወድም፣ ግን 18 ዶላር ከፍዬ ሰው ከማሳጥበው ይሻላል።

አዎ፣ 18 ዶላር ነው የቆረጥነው። እንዴት እንደደረስንበት ልንገራችሁ።

የሰፈሩን ዋጋ ለማወቅ ከኡበር ነጂ የተሻለ ሰው የለም። ቅዳሜ ማታ ቤተዝዳ ከምግብ ቤት የሚወጡ ባልና ሚስት አሉ። ቸኩለው ይገባሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ አንዱ «ሲተሯን እስከ አራት ብለናታል» ይላል። እዚያ ላይ ነው የምገባው። «ይቅርታ፣ እኔም ትንንሽ ልጆች አሉኝ፣ ስንት ነው የምትከፍሉት?» ፈረንጅ ደመወዙን ብትጠይቀው ይቆጣል። የቤቢሲተር ዋጋ ስትጠይቀው ግን ብሶቱን ይዘረግፍልሃል። 20 ያለኝ አለ፣ 22 ያለኝ አለ። 25 ከፍላ የማታ ማታ ፒዛም የምታዝ እናት ነበረች። ከ18 በታች የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው። እሱም የልጅ ልጁን ነበር የሚከፍላት።

እነዚያ ሰዎች ገቢያቸው ከእኔ እጥፍ ይበልጣል። 25 እኔ አልችልም። በአንዳንድ ቅዳሜ ቤንዚንና የኡበርን ድርሻ ቀንሼ የሚተርፈኝ ራሱ በሰዓት 25 አይሞላም። ከሚተርፈኝ በላይ ለቤቢሲተር ከከፈልኩማ ቤት ተቀምጬ ልጆቼን ባይ ይሻላል። ይኼ ጣሪያው ነው። ወለሉን ደግሞ እንዲህ አሰብኩት። ቅዳሜ ማታ ትልቅ ሱቅ ገብቶ ሹራብ የሚያጥፍ ሰው ያን ጊዜ ሰፈሩ ላይ የተቆረጠለት ዋጋ 17 ከ65 ነበር። ሹራብ አያለቅስም። ሹራብ ሽንት ቤት አይወስዱትም። ከሹራብ ያነሰ ከከፈልኳት ልጆቼን ምን አልኳቸው?

ጣሪያና ወለሉ ከታወቁ መቁረጥ አይከብድም፤ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ማለት ነው። 18።

ባለቤቴ ዋጋውን ተቀበለች። የተከራከርነው በሌላ ነው። ልጆቹ ሁለት ሰዓት ላይ ይተኛሉ። እኔ የምመለሰው አምስት ሰዓት ግድም ነው። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ሶፋችን ላይ ተቀምጣ ቲክቶክ ነው የምታየው» አለች ባለቤቴ። «ለተኙ ልጆች ግማሽ ዋጋ ይበቃል።» ብዙ ሰው እንደሷ ነው የሚያስበው። ክፉ ስለሆነ አይደለም። እውነትም ልጅቷ ያን ጊዜ ምንም የምትሠራ አትመስልም።

እኔ ግን ሬገን ኤርፖርት የነጂዎች መጠበቂያ ቦታ ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ተራህ እስኪደርስ መኪናህ ውስጥ ትጠብቃለህ። መተኛት አትችልም። መሄድ አትችልም። ሌላ ሥራ መያዝ አትችልም፣ ከሄድክ ተራህ ይጠፋል። ለዚያ ሰዓት አንድ ሳንቲም የሚከፍልህ የለም። ለመተግበሪያው አንተ ያን ጊዜ የለህም። ሻንጣ ከያዘው መንገደኛ ጋር ስትገናኝ ብቻ ነው የምትወለደው። እዚያ ከተቀመጡት ነጂዎች ስንቱ በዚህ ሲማረር እንደሚያመሽ ብነግራችሁ አያልቅም። አማርኛ ነው፣ ትግርኛ ነው፣ ኡርዱ ነው፣ እሮሮው አንድ ነው።

ታዲያ እኔ ከዚያ ተነስቼ ቤቴ ገብቼ ልጅቷን «ልጆቹ ተኝተው ነበር፣ ስለዚህ ግማሹ አይቆጠርም» ልበላት? እሷ ከዚያ ሶፋ ተነስታ ወደ ቤቷ መሄድ ትችል ነበር? ቤቱ ቢጨስ፣ ትንሿ ትኩሳት ቢነሳባት የምትሮጠው እሷ ናት። የምከፍላት እዚያ ለመኖሯ ነው። ሙሉ ዋጋ አልኩ፣ ሙሉ ዋጋ ሆነ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ አልተዋጠላትም። ባንክ አካውንታችን ግን የጋራ ነው፣ ስለዚህ እያየች ትከፍላለች።

ሌላም ተራ ነገሮች አሉ። ሥራ ቀርቶብን ባለቀ ሰዓት «አትምጪ» ካልናት የሁለት ሰዓት እንከፍላለን። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አናሳልፍም። ዋጋው የሁለቱም ልጆች ነው። የእህቴ ልጅ ከተጨመረ ግን 3 ዶላር ይጨመራል። እህቴ ይኼን ስትሰማ «ልጄን ታሪፍ አወጣህበት?» ብላ ኮረፈች። ከዚያ በኋላ ራሷም ልጅቷን ጠራቻት፣ በ18 ዶላር፣ ሳትከራከር።

አከፋፈሉ ራሱ አንድ ወሬ ይወጣዋል። ለእናትየው ደውዬ ዋጋውን ነገርኳት። እንደገና «ኧረ አይሆንም» አለች። እኔም እንደገና «ካልተቀበልሽኝ ልጠራት አልችልም» አልኳት። የእውነቴን ነው። በነፃ የሚመጣን ሰው አንዴ ነው የምትጠራው። ሁለተኛ ስትደውል ድምፅህ ራሱ ይቀንሳል። ሦስተኛውን አትደውልም። መጨረሻ ላይ «እሺ፣ በቃ ለእኔ በዜል ላክልኝ፣ እኔ አጠራቅምላታለሁ» አለች። ዜል በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ነው። ሰላሳ ሰከንድ አልቆየም፣ ልጅቷ ቴክስት ላከችልኝ። የራሷ ዜል ቁጥር ነው። ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ፕሊስ» የምትል ብቻ።

ለማን ልላክ? የእናት ወግ አለ፣ የአሜሪካ ወግ አለ። የሠራችው እሷ ናት፣ ለእሷ ነው የላክሁት። ለእናትየውም ነገርኳት፣ ተደብቆ እንዳይሆን። እናትየው ዝም አለች። ቆይታ «ስንት ሆነ?» አለች። 90 ዶላር ነበር። «ለአንድ ማታ?» አለች። ከዚያ ወዲህ «እህታቸው አይደለችም እንዴ» ሲባል አልሰማሁም።

ከልጅቷ ይልቅ ያስቸገረችኝ እትዬ ናት። እዚህ ላይ ስሟን አልጠራም። የጓደኛዬ እናት ናት፣ ከአገር ቤት ከመጣች ብዙም አልሆናትም። ስልሳን ተሻግራለች። አገር ቤት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ልጄ ፊደል የጀመረው በእሷ ነው። ልጅቷ ፈተና ሲኖርባት እሁድ እሁድ እትዬ ትመጣልን ጀመር። ጓደኛዬ ራሱ ነው ያመጣት፤ «ቤት ተቀምጣ ተሰላቸች፣ ልጅ ትወዳለች» ብሎ።

የመጀመሪያው እሁድ ሦስት ሰዓት ነው የቆየችው። ማታ ቤቷ ሳደርሳት 60 ዶላር አጣጥፌ ያዝኩላት። በሰዓት 20 ማለት ነው። ሳንቲም መስሏት ተቀበለች። የውስጥ መብራቱን አብርታ ገለጠችው። ሦስት ሃያዎች። መነጽሯን አወረደች፣ መልሳ አደረገች።

«ይኼ ምንድን ነው ልጄ?»

«የእሁዱ ነው እትዬ። እርስዎ ደክመዋል።»

«አንድ ዶላር ስንት ገባ አልኸኝ?»

አልኩም ነበር እንዴ? ነገርኳት። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው፣ ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ 140 አልፏል። አስተማሪ ናት፣ በጭንቅላቷ አባዛችው። «ስምንት ሺህ አራት መቶ ብር! አብደሃል? አንተ ልጅ አሟልሃል!» ሁለቱን ሃያ መልሳ የማርሹ አጠገብ ወሸቀችው። አንዷን ያዘች። «ይቺ ራሷ ብዙ ናት» አለች፤ በሩን ከፍታ ወረደች።

እውነት ለመናገር ሂሳቡ እኔንም አደናገጠኝ። መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሲቪል ሰርቪሱን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አሳድጎት ነበር። የእሷ የሦስት ሰዓት እሁድ ከዚያ የወር ደመወዝ ይበልጣል። እትዬ ዕድሜዋን ሙሉ ጠመኔ ይዛ የቆመች ሰው ናት። ለእሷ ይኼ ገንዘብ ሳይሆን ስድብ ቢመስላት አልፈርድባትም።

ግን እትዬ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የስልኳ ክፍያ በዶላር ነው። የመነጽሯ ዋጋ በዶላር ነው። ያን ጊዜ ጥርሷን እያመማት «ይለፈኝ» ብላ ተቀምጣ ነበር፤ የጥርስ ሐኪሙ በብር አያስብላትም። ልጇን ላለማስቸገር ስትል ምንም እንዳማራት አትናገርም። በብር የምታስበው እሷ ብቻ ናት።

ይኼን የምጽፈው ደግሞ እዚህ ከተማ ውስጥ በዚህችው ማባዣ የሚጠቀሙ ሰዎች ስላሉ ነው። በቅርብ የመጣች ሴት ያገኛሉ። «በቀን 40 ዶላር እንሰጥሻለን» ይሏታል። እሷ በብር ታባዛለች። ዓይኗ ይበራል፣ ትስማማለች። ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ሕፃን ትይዛለች፣ እንጀራም ትጋግራለች። ስድስት ወር ቆይታ፣ አውቶብስ መሳፈር ለምዳ፣ ከሰው ጋር ስትነጋገር ነው የሚገባት። ሰዎቹን ብትጠይቃቸው «ተስማምታ እኮ ነው፣ ደግሞ ቤታችን ትበላለች» ይላሉ። በሳምንት 20 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚሠራ የቤት ሠራተኛ፣ ቀጣሪው የጽሑፍ ውል እንዲያቀርብ ካውንቲያችን በ2008 ሕግ አውጥቷል። ስንቱ ሐበሻ ቤት ውስጥ ያ ወረቀት አለ? ይኼ «አልፎ አልፎ» አይደለም፣ ሥራ ነው። ዋጋውም ሕጉ ያስቀመጠው ዋጋ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ወደ እትዬ ልመለስ። በሚቀጥለው እሁድ ልወስዳት ስሄድ፣ ገና ቀበቶ ሳታስር ነገርኳት። «እትዬ፣ ዛሬም 60 ዶላር ነው። እርስዎ የማይቀበሉኝ ከሆነ አሁኑኑ ይውረዱ፣ እኔም ሥራዬን ትቼ ቤቴ ልግባ።» ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ትንሽ ዝም ብላ «እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?» አለች። ቆይታ «ንዳ» አለች።

ገንዘቡን ተቀበለች። ከተቀበለች በኋላ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። በነፃ ነው ብላ የመጣች ቀን ተዝናንታ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። የተከፈላት ቀን ቤት ስንገባ ምድጃው ያበራል፣ ፍሪጁ ተፈትሾ ተጠርጓል፣ የእኔ ሸሚዞች ተተኩሰው ተሰቅለዋል። «ስምንት ሺህ ብር ወስጄማ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም» ብላለች። ልጆቹ ደግሞ ያን ሁሉ ሰዓት ቴሌቪዥን ላይ ነበሩ። እንግዲህ የ20 ከመቶውን ደንብ ለእትዬ ማስረዳት ነበረብኝ። «ሕጉ ነው» ስላት ወዲያው ተቀበለች። አስተማሪ ደንብ ይወዳል። አሁን ምድጃውን አትነካም። ፊደል ግን ታስቆጥራለች፣ ትልቁ «ሀ ሁ»ን ጨርሶ «ቀ» ላይ ነው።

እዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «አገር ቤት እኮ ጎረቤት ነው ያሳደገን፣ ማን ከፍሎ ያውቃል?» ሊለኝ ይችላል። እኔንም ጎረቤት ነው ያሳደገኝ። እናቴ ገበያ ስትሄድ ከጎን ያለው ቤት ትተወኝ ነበር። ግን ነፃ ነበር እንዴ? የዚያ ቤት ሴት ስትወልድ ገንፎ ያገነፋችው እናቴ ናት። ለቅሶ ሲደርስባቸው ድንኳኑ ሥር ያደረው አባቴ ነው። በዓመት በዓሉ ዳቦው ይሄዳል፣ ጠላው ይመጣል። ብድሩ ይመለስ ነበር፣ ብድር መሆኑን የሚናገር አልነበረም እንጂ። ያ የሚሠራው ደግሞ ሁሉም እዚያው ሰፈር ስለሚያረጅ ነው። እዚህ የኪራይ ውል ሲያልቅ ሰው ይነሳል። አንዱ ፍሬደሪክ፣ አንዱ ቴክሳስ። ውለታውን ይዞ የት ታገኘዋለህ? ደግሞም እኔ የልጅቷን እናት ውለታ የምመልስበት ጊዜ የለኝም። እሷ ስታርፍ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። አንድ ጊዜ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ልጅ በልጅ ለመለዋወጥ ሞከርን። የሺፍት ፕሮግራማችንን ጎን ለጎን አስቀምጠን ስናየው ሁላችንም ሥራ የሌለንበት ቀን ብቻ ነው የሚገጥመው።

የታክሱን ነገር በአጭሩ ላንሳ፣ ሁልጊዜ ይጠየቃል። በ2025 ለአንድ የቤት ሠራተኛ በዓመት 2,800 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈለ ሰው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የጤና መድን) ታክስ ውስጥ ይገባ ነበር። ዕድሜዋ ከ18 በታች የሆነ ተማሪ ግን ከዚህ ነፃ ናት። እኛ ጋ ልጅቷ በዚያ ታልፋለች። እትዬ ደግሞ እዚያ ቁጥር ላይ አትደርስም። ሥራ ላይ ሆናችሁ የከፈላችሁትን የልጅ እንክብካቤ ታክስ ላይ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ባልም ሚስትም ሥራ ላይ የነበሩበት ሰዓት ከሆነ። ግን የያዘላችሁን ሰው ስም፣ አድራሻና የሶሻል ቁጥር ፎርሙ ይጠይቃል። ያንን ሰው ሳይደነግጥ አስቀድሞ መንገር ነው። እኔ ደብተር ይዣለሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ ዶላር። ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ ብያለሁ።

ልጅቷ ባለፈው ወር 17 ሞላት፣ መንጃ ፈቃድም አወጣች። በማግስቱ ቴክስት ላከችልኝ። «ሃይ ጋሼ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ 20 ይሁንልኝ? ሲፒአርም ተምሬያለሁ።» የሰርተፍኬቱን ፎቶ አያይዛለች፤ ሲፒአር ልቡ ለቆመ ሰው የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ ነው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እናትየው ደወለች። «ወንድሜ፣ አፈርኩ! እኔ አላልኳትም፣ ከየት አምጥታው ነው?» ሳቄን ይዤ «ተያት» አልኳት። እንዲህ አፍ አውጥቶ የሚነግረኝ ሰው ነበር የምፈልገው፤ ከሁሉም መሃል ያገኘሁት እሷን ብቻ ነው።

መቼም ዝም ብሎ እሺ አይባልም። «20 እሺ፣ ግን ትንሿን ከሁለት ሰዓት በፊት አስተኝልኝ» ብዬ ጻፍኩላት።

«እሱ ሌላ 2 ዶላር ነው» አለችኝ። ባለቤቴን ላማክር ብያታለሁ።